በባዕድ ደሴት የተማሩ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በኢትዮጵያና በሶማልያ መካከል በተካሄደው ጦርነት ወላጆቻቸው ከሞቱባቸው ልጆች ብዙዎቹ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። የተላኩበትም ሥፍራ ከዋናው ምድር በስተደቡብ የሚገኝ፣ በ1978 «የወጣቶች ደሴት» የተባለ ደሴት ነው። በዚያም ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከሌሎች አገሮች የመጡ ተማሪዎች ነበሩ።

ትምህርት ቤቶቹ የተሠሩት በፍራፍሬ እርሻዎች መካከል ስለ ነበር፣ ተማሪው የቀኑን እኩሌታ በክፍል፣ እኩሌታውን በእርሻ ያሳልፍ ነበር። የደሴቲቱ ሙቀት ደጋ ለለመደ ልጅ ቀላል አይደለም፤ ምግቡም እንጀራ ሳይሆን ሩዝና አደንጓሬ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነበር። ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእስፓንኛ ስለሆነ አስቀድሞ ቋንቋውን ማጥናት ግድ ነው። ልጅ ደግሞ አዲስ ቋንቋ ሲለምድ የፊተኛውን ቶሎ ይረሳል። ይህ እንዳይሆን ከኢትዮጵያ የሄዱ መምህራን አማርኛንና የአገራቸውን ታሪክ ያስተምሯቸው ነበር። ከመሰናዶው ሁሉ ብልህነት የታየበት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አማርኛውን ረስቶ የተመለሰ ሐኪም ሕመምተኛውን በምን ያነጋግራል?

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ ሆነው ተመልሰዋል። በ1991 በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ ግን ትምህርታቸውን ያልፈጸሙ ገና በኩባ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት በመፍረሷ ኩባም ራሷ ተቸግራ ነበርና፣ ያን ጊዜ ለእነዚህ ወጣቶች ክፉ ዘመን ሆነባቸው። አንዳንዶቹ በዚያው ትዳር መሥርተው ቀሩ። ወደ አገራቸው የገቡት ደግሞ ዛሬም በአዲስ አበባ ሲገናኙ፣ ጨዋታቸው ከአማርኛ ወደ እስፓንኛ ይሻገራል።