ከማን ጋር ተነጻጽሮ? ስለ አይ ኪው ቁጥሮች ልናውቀው የሚገባ

 

ባለፈው የክረምት ዕረፍት እንጭኒ ሳለን ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንደ ልማዳችን ተሰብስበን ስንጫወት ሁለት ቁጥሮች አከራከሩን። አንዱ ጓደኛችን ስልኩ ላይ የሞከረው የአይ ኪው ፈተና «152» ብሎታል፤ ደስ ብሎት ለሁላችንም አሳየን። ሌላው ደግሞ በቴሌግራም የደረሰውን የዓለም ካርታ ከፈተ። ኢትዮጵያ ላይ «63» ይላል። ሳቅን። ያልሳቀው የ12ኛ ክፍል ውጤቱ 50 በመቶ ያልሞላለት አንድ ታናሽ ወንድማችን ብቻ ነበር። «እንግዲያው ችግሩ ጭንቅላታችን ነዋ! ድጋሚ ብፈተንስ ምን ሊለወጥ?» አለን።

በዚያ ምሽት «ተው፣ ዝም ብሎ ወሬ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠነውም። ወሬ መሆኑን ግን ማስረዳት ነበረብን። የምህንድስና ተማሪዎች ነንና ስታትስቲክስ ተምረናል። መድረሳ ደግሞ አንድን ወሬ ከመቀበላችን በፊት «ከማን ነው የመጣው?» ብለን እንድንጠይቅ ገና በልጅነታችን አስተምሮናል። ሁለቱን ትምህርቶች አገናኝተን ስናየው 152ቱም 63ቱም በአንድ ጥያቄ ይፈተናሉ፦ ከማን ጋር ተነጻጽሮ?

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አይ ኪው እንደ ቁመት በሜትር፣ እንደ ጤፍ በኪሎ የሚለካ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ከ60 ጥያቄ 41ዱን ቢመልስ ይህ ጥሬ ውጤት ብቻውን ስለ ሰውየው የሚነግረን ነገር የለም። ትርጉም እንዲኖረው ፈተናው አስቀድሞ ሕዝቡን ለሚወክሉ ብዙ ሰዎች መሰጠት አለበት። እነዚህ ሰዎች በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትምህርት ደረጃና በመኖሪያ አካባቢ ተመጣጥነው ይመረጣሉ። አማካይ ውጤታቸው 100 ተብሎ ይሰየማል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ደግሞ 15 ይደረጋል። ከዚያ በኋላ የሚፈተን ሁሉ ከእነሱ ጋር እየተነጻጸረ ቦታው ይነገረዋል። 68 በመቶ ያህሉ ሰው ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ከ130 በላይ የሚያገኘው 2 በመቶ ገደማ ነው።

ስለዚህ አይ ኪው ደረጃ ነው። ክፍል ውስጥ «3ኛ ወጣሁ» እንደማለት ነው። ከስንት ተማሪ? ከየትኛው ክፍል? ይህ ካልተነገረ 3ኛ መውጣት ምንም አይነግረንም።

ጣሪያው የት ነው?

«152» ማለት፣ ስሌቱ በትክክል ከተሠራ፣ ከ3,800 ሰው ገደማ አንድ ማለት ነው። 145ን የሚያልፈው ከ741 ሰው አንዱ፣ 160ን የሚያልፈው ደግሞ ከ31,500 በላይ ሰው መካከል አንዱ ነው። አሁን በዓለም በጣም ከታወቁት ፈተናዎች አንዱን፣ የዌክስለርን የአዋቂዎች ፈተና እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው 4ኛ እትሙ ደረጃ የወጣለት አሜሪካ ውስጥ በተመረጡ 2,200 ሰዎች ነው። ከ2,200 ሰው 145ን ያልፋሉ ተብለው የሚጠበቁት 3 ብቻ ናቸው። 160ን የሚያልፍ አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ፈተናው ከ160 በላይ ውጤት የማይሰጠውም ለዚህ ነው።

በኛው ሀገር ቁጥር እናስላው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ አንድ የአይ ኪው ፈተና ቢፈተኑና ደረጃውም በእነሱ ቢወጣ እንኳ ከ160 በላይ የሚጠበቁት 28 ያህል ብቻ ናቸው። ታዲያ ስልክ ላይ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ፈተና የጓደኛችንን 152 ከየትኞቹ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ አገኘው? ፈተናው አይናገርም።

የሙገር ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች በእንጭኒ ሲያልፉ እያየን ነው ያደግነው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚታወቀው ኪዩብ ተሠርቶ፣ 28 ቀን ቆይቶ፣ በመጭመቂያ ማሽን ሲሰበር ነው። ማሽኑ እስከ መጨረሻ አቅሙ ጨምቆት ኪዩቡ ካልተሰበረ «ከዚህ በላይ ነው» እንላለን እንጂ ስንት እንደሆነ አናውቅም። ተቋራጩ ራሱ የመረጣቸውን ምርጥ ኪዩቦች ብቻ ቢያመጣልን ደግሞ የሕንፃውን ጥንካሬ ለካን ማለት አንችልም።

ሁለቱም ችግሮች ጣሪያውን ለማለፍ በሞከሩ ፈተናዎች ላይ ታይተዋል። አሜሪካዊው ሮናልድ ሆፍሊን ያዘጋጀው «ሜጋ ቴስት» እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1985 «ኦምኒ» በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ። 48 ጥያቄዎች አሉት፤ የጊዜ ገደብ የለውም፤ አንባቢው ቤቱ ሠርቶ መልሱን ይልካል። ዓላማው ከሚሊዮን ሰው አንዱን መለየት ነበር። ደረጃው የወጣው መልስ የላኩት ሰዎች ቀደም ሲል በሌሎች ፈተናዎች አገኘን ያሉትን ውጤት ከዚህኛው ጋር በማያያዝ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ከባድ ፈተና ለሳምንታት ታግሎ የሚልክ ሰው መንገድ ላይ እንደምናገኘው ሰው አይደለም። ዝቅ ያለ የቀድሞ ውጤቱን በፈቃዱ የሚናገርም ጥቂት ነው። ናሙናው ራሱን በራሱ መረጠ ማለት ነው፤ ልክ እንደ ተቋራጩ ኪዩቦች። ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብም «ከፍተኛው አይ ኪው» የሚለውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990 አስቀርቶታል፤ ፈተናዎቹ አንድን ሰው ከዓለም አንደኛ ለማለት አያስተማምኑም በሚል ምክንያት።

«63»ስ?

ይህን ቁጥር ለኢትዮጵያ የሰጡት ሪቻርድ ሊን እና ታቱ ቫንሃነን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት ነው። ጥናቱ ወደ እስራኤል የሄዱ 250 የቤተ እስራኤል ታዳጊዎችን በሬቨን ፈተና፣ ማለትም የጎደለውን የሥዕል ክፍል ፈልጎ በማግኘት ፈተና፣ የለካ ነበር። ልጆቹ ቀዬአቸውን ትተው ለአዲስ ሀገር፣ ለአዲስ ቋንቋና ለአዲስ ትምህርት ቤት ገና እንግዳ ነበሩ። ሁለቱ ደራሲዎች የእነዚህን ልጆች ውጤት ወስደው የመላው ሀገር አማካይ አደረጉት። በዚያ ናሙና ውስጥ ከአምቦ አንድ ተማሪ፣ ከጊንጪ አንድ ገበሬ፣ ከሐረር አንድ ነጋዴ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄልተ ዊኸርትስና ባልደረቦቹ ሊን የአፍሪካን ጥናቶች የመረጠበትን መንገድ በዝርዝር ተችተዋል። በ2020 ደግሞ አንድ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ማኅበር እነዚህ የሀገር ቁጥሮች ለጥናት እንዳይውሉ በይፋ መክሯል።

ፈተናው የሚለካው ምንድን ነው?

ናሙናው ትክክል ቢሆን እንኳ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። አንድ ፈተና ሲደጋገም ተቀራራቢ ውጤት ከሰጠ አስተማማኝ ይባላል። የሚለካው ነገር በእርግጥ «እለካዋለሁ» ያለውን ከሆነ ደግሞ ተገቢ ይባላል። ሁልጊዜ 2 ኪሎ የሚያጎድል ሚዛን አስተማማኝ ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም።

እንጭኒ ያለ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ። ረጅም የእንግሊዝኛ ጥያቄ ቀርቦለት ሲሳሳት የተለካው ማሰቡ ነው ወይስ ቋንቋው? ቃል የሌለው የሥዕል ፈተናም ቢሆን እንዲህ ያለ ሥዕል ከልጅነቱ ጀምሮ ያየና መጀመሪያ በፈተናው ዕለት ያየ ልጅ እኩል አይደሉም። ጄምስ ፍሊን እንዳሳየው አሜሪካ ውስጥ የአይ ኪው ውጤት በየ10 ዓመቱ 3 ነጥብ ያህል ሲጨምር ቆይቷል። ዘር በዚህ ፍጥነት አይለወጥም፤ የሚለወጠው ትምህርትና አኗኗር ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከአይ ኪው ይለያል። 50 በመቶ የሚለው መስመር «የተወሰነውን ትምህርት ይህን ያህል አውቀሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ስለ አእምሮ አፈጣጠር አይፈርድም። በ2014 መስመሩን ያለፉት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ። የአንድ ሀገር ልጆች አእምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ዝግጅቱ፣ ትምህርቱ ወይም ፈተናው ነው።

ይህን ስንል ሁሉም የአይ ኪው ፈተና ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በባለሙያ እጅ፣ ለሕዝቡ ተስማምቶ ደረጃ ሲወጣለት፣ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ለመለየት ይጠቅማል። እኛ የምንለው ቁጥር ሲደርሰን፣ ሲያሞግሰንም ሲያንቋሽሸንም፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ ነው፦ ደረጃው የወጣው በማን ላይ ነው? እነዚያ ሰዎች እንዴት ተመረጡ? ፈተናው የለካው ምንድን ነው? 63ን ባለመቀበላችን ብቻ 152ን ያለ ጥያቄ ከተቀበልን ሚዛናችን ተዛብቷል።

ለታናሽ ወንድማችን በዚያ ምሽት ያልሰጠነው መልስ ይኸው ነው፦ በካርታው ላይ ያለው ቁጥር አንተን አልለካም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትህም የለካው ያወቅከውን እንጂ ማወቅ የምትችለውን አይደለም። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ እንጭኒ ስንመለስ ኢንሻአላህ ስልኩን ዘግተን ሒሳብና እንግሊዝኛ ይዘን አብረነው እንቀመጣለን። እናንተም በየከተማችሁ እንዲህ ያለ ታናሽ ካለ ቁጥር ከመላክ መጽሐፍ ይዛችሁለት ብትሄዱ ይበልጣል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።