ዘመም ብሎ የሚቃና ቤት

ጀልባው መጀመሪያ ሲያዘነብል የጎኑን ሽቦ በሁለት እጄ ጨብጬ «ጋሼ፣ ልንገለበጥ ነው!» አልኩ። እግሬ ስር የነበረው ወለል ግድግዳ ሊሆን የተቃረበ መሰለኝ፤ የግራው ጠርዝ ወርዶ ውኃውን ሊነካ ደርሷል። ጋሼ መሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እንዲያዘነብል ተደርጎ ነው የተሠራው» አሉኝ። ይህን ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ በየበጋው እሑድ እሑድ አብሬያቸው ስወጣ የተማርኩት ሁሉ ያችን አንዲት ንግግር ሲያፍታታልኝ ኖሯል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ፣ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ዛሬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ አጠገብ ባለ የጀልባ ማቆሚያ የሸራ ጀልባ አላቸው። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ሰው ነኝ። ከልጅነቴ የማውቀው የውኃ ላይ መጓጓዣ የጣና ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ የሚንሳፈፈው ግንዱ ውስጥ አየር ስላለ ነው፤ ሲርስ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይሰጣል። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ዘመም ማለትን አይወድም፤ ካዘነበለ ጭነቱም ሰውየውም ይንሸራተታሉ። ቤትም እንደዚያው ነው። በእኛ ቋንቋ ቤት ዘመመ ከተባለ ሊወድቅ ነው ማለት ነው፤ ባላ ይፈለግለታል። እናም ጀልባው ሲያጋድል ያ ሁሉ አስተዳደጌ ነው የጮኸው።

የጋሼ ጀልባ ካታሊና 30 ይባላል። 30 የሚለው ቁጥር ርዝመቱን በጫማ ያመለክታል፤ ወደ 9 ሜትር ከ10 ሳንቲም ይሆናል። የነደፈው ፍራንክ በትለር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ከ6,000 በላይ ተሠርቷል፤ የጋሼው የ1986 ነው። ለውድድር ሳይሆን ቤተሰብ ይዞ ለመዝናናት፣ እያደሩ ለመጓዝ የታሰበ ነው። ወገቡ ላይ 3 ሜትር ከ30 ይሰፋል፤ ለዘመኑ ሰፊ የሚባል ነበር። እኔ የምወደውም ይኼን ነው፦ መምህርም ነርስም ሊገዛው በሚችል ዋጋ፣ ሰው በውስጡ እንዲኖርበት ተብሎ የተሠራ መሆኑን።

ዋናው ነገር ግን ከላይ አይታይም። ከጀልባው ሆድ ስር ኪል የሚባል ክንፍ የመሰለ ነገር ወደ ታች ይወርዳል። ጋሼ በክረምት ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ድጋፍ ላይ ሲቀመጥ ወስደው አሳዩኝ። እጄን አሳረፍኩበት፤ ቀዝቃዛ እርሳስ ነው። ጀልባው በጠቅላላው ወደ 4,600 ኪሎ ግራም ሲመዝን ከዚያ ውስጥ ወደ 1,900 የሚጠጋው እዚያ ታች ያለው እርሳስ ነው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባው ያጋድላል፤ ሲያጋድል ግን ያ ሁሉ እርሳስ ወደ ጎን ተነሥቶ ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለ ክብደት ደግሞ ወደ ታች መመለስ ይፈልጋል። ከላይ በኩል ሸራው በተኛ ቁጥር ነፋሱ በአናቱ ያመልጠዋል። ገፊው እየደከመ ሲሄድ መላሹ እየበረታ ይመጣል። ሁለቱ የሚታረቁበት ቦታ ላይ ጀልባው ዘመም እንዳለ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ከተረዳሁ ጀምሮ ሽቦውን ጨብጬ አላውቅም።

ኪሉ ሌላም ሥራ አለው። ከጎን የሚመጣ ነፋስ በጎበጠው ሸራ ላይ ሲያልፍ ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሆናል፤ ጀልባውን በከፊል ወደፊት፣ በከፊል ወደ ጎን ይስበዋል። ወደ ጎን እንዳይሄድ ኪሉ ውኃውን ተደግፎ ይከለክላል፤ የሚቀረው ወደፊት ነው። በቀጥታ ወደ ነፋሱ ግን ማንም የሸራ ጀልባ አይሄድም። ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ እያሉ ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የዓባይ በረሃን አቀበት ማንም ፊት ለፊት አይወጣውም።

ሸራዎቹ ሁለት ናቸው። የኋለኛው ምሰሶውን ተደግፎ ይቆማል፤ የፊተኛው ደግሞ መሪው ጋ ተቀምጦ ገመድ በመሳብ ብቻ እንደ መጋረጃ ይጠቀለላል። ይህ ቅንጦት አይደለም። እኛ በምንጓዝበት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ፣ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓድ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ እየተወዛወዘ ባለው የጀልባው አፍንጫ ላይ ሄዶ ሸራ ለማውረድ የሚታገል ሰው መኖር የለበትም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፤ እኔ ነፍሴን የሰጠሁት ለእዚህ ነው። ደረጃውን ወርዳችሁ ስትቆሙ ጣሪያው ራሳችሁን አይነካም። ጠረጴዛው ታጥፎ ወደ አልጋነት ይለወጣል፤ ተጠጋግተው ሰባት ሰዎች ያድራሉ። መጸዳጃ ቤት አለ፤ በእጅ ፓምፕ ይሠራል፤ ፍሳሹ በታንክ ተጠራቅሞ ወደብ ላይ ይመጠጣል እንጂ ወደ ባሕረ ሰላጤው መልቀቅ በሕግ ክልክል ነው። 21 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተርም እዚሁ ውስጥ ተደብቋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጠባብ ክፍል የሚያገኝ ሰው ይገረም ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ትንንሹ ነገር ነው። መሳቢያው ቀና ሳያደርጉት አይከፈትም፤ ጀልባው ሲያጋድል ሹካና ማንኪያው እንዳይወጣ ነው። የጠረጴዛው ዙሪያ ጣት የምታህል የእንጨት ከንፈር አለው። ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር የእጅ መያዣ ተገጥሟል።

ምድጃው ደግሞ በሁለት ጎኑ ብቻ ተንጠልጥሏል። ጀልባው ወደ ግራ ሲያጋድል ምድጃው እንደ ሕፃን አልጋ እየተወዛወዘ ይቃናል። ጋሼ ጀበናውን ይጥዱና ሁለት የብረት ክንዶች ከግራና ከቀኝ ወገቡን ጥብቅ አድርገው ይይዙታል። አንድ እሑድ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስመለከት ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የተሰቀለው ፎጣ፣ እኔም ራሴ ዘመናል፤ ጀበናው ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለካ ዘመም ያልነው እኛ ነን። ምድጃው የሚሠራበት ጋዝ ሲሊንደር ግን ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ የጀልባው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል። ስለዚህ ከላይ፣ ታችኛው ቀዳዳው ወደ ውጭ በሚከፈት ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ፍጥነቱን ለሚጠይቀኝ ሰው እውነቱን እናገራለሁ፦ ቀርፋፋ ነው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ ሲሄድ ማዕበል ይፈጥራል፤ በፈጠነ ቁጥር ማዕበሉ ይረዝማል፤ በመጨረሻ ከፊቱና ከኋላው ባሉት ሁለት ማዕበሎች መካከል ይያዛል። የፍጥነቱ ልክ የሚታወቀው ውኃ ከሚነካው ርዝመት ነው። የካታሊናው 25 ጫማ ነው፤ የ25 ካሬ ሥር 5፣ በ1.34 ሲባዛ 6.7 ኖት፤ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ከምናምን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። ቢሆንም በዚህ ፍጥነት ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ የውኃውን ድምፅ ብቻ እየሰሙ መሄድን በምንም አልለውጠውም።

ባለፈው መስከረም መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቼሳፒክ ርዝመቱ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ አማካዩ 6 ሜትር ከምናምን ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ሰው ቆሞ ይሄድበታል። ኪላችን 1 ሜትር ከ60 ወደ ታች ይወርዳል። ወደ አንድ ወንዝ አፍ ስንገባ መንገድ ላሳጥር ብዬ ምልክቱን በስተውስጥ በኩል አለፍኩት። ጀልባው እንደ ደከመ በሬ ቀስ ብሎ ቆመ። ጭቃ ነው። ሞተሩን ወደ ኋላ ብናደርገውም ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ አልተቆጡም። «ሁላችሁም ወደ ቀኝ!» አሉ። እኔ፣ ባለቤቴና የጋሼ የልጅ ልጅ ጠርዙ ላይ ተደርድረን ወደ ውጭ ተንጠለጠልን። ጀልባው ዘመም አለ፤ እርሳሱ ከጭቃው ወደ ጎን ተነሣ፤ ጋሼ ለሞተሩ ነዳጅ ሰጡት። ከስር የሆነ ነገር ሲላቀቅ በእግሬ ተሰማኝ። ጥልቁ ውኃ ላይ ስንደርስ መሪውን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ፤ ዞሬ ቀዩን ምልክት በቀኜ አድርጌ ወደ ወንዙ ገባሁ።