ዳኛው ከባሕር ማዶ ምን ይዞ ይመለስ?

ዳኞች የሌላውን አገር የፀረ ሽብርተኝነት ሕግ ለማጥናት ባሕር ሲሻገሩ፣ ምን ይዘው እንደሚመለሱ መጠየቅ የሠርቶ አደሩ መብት ነው። የቦሌ ነዋሪማ ይበልጥ ይጠይቅ፤ ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ ተኩስ የተከፈተው በእርሱ ጎዳና ነበርና። ያን ጊዜ ልዩ አዋጅ ባይኖርም ሦስት ተከሳሾች አዲስ አበባ ውስጥ ተፈርዶባቸዋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 652 ከውጭ ሕጎች መቀዳቱ እንደ ኩራት ተነገረለት። ልኩ ግን አብሮ አልመጣም። በእንግሊዝ በዚያው ዘመን ሽብርተኛ ተብሎ የተጠረጠረን ሰው ያለ ክስ ማሰር የሚቻለው ቢበዛ 28 ቀን ሲሆን፣ በእኛ አዋጅ 28 ቀን የአንዱ የጊዜ ቀጠሮ ትንሹ ሆነ፤ ጣሪያው 4 ወር! ጋዜጠኞችም በዚሁ አዋጅ ታሰሩ። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ቀጠሮውን ይሰጥ የነበረው ግን ዳኛ ነው፤ ተጓዡ ሊያጠና የሚገባውም የለንደኑ ዳኛ ፖሊስን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።