የፈረንሳይ ወይን ጠጅ በየአውራጃውና የሚስማማው ምግብ፤ ለመተማ ቈላ ነጋዴዎች

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ባሕርይ ሳያውቅ ቢነግድ ትርፉን ለአጋጣሚ መስጠቱ ነው። የመተማና የገንዳ ውኃ ነጋዴ ሰሊጥ ሲገዛ በመዳፉ ዘግኖ ንጹሑን ከቆሻሻው፥ አዲሱን ከከረመው ለመለየት አይቸገርም። የወይን ጠጅ ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ቀይ ወይም ነጭ መሆኑንና ዋጋውን ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ በደጋ የተወደደው ጠርሙስ በቈላ ሳይሸጥ ይከርማል፤ ወይም ተሽጦ ገዢውን ያስቀይማል፤ የወጣበትም ገንዘብ ታስሮ ይቀራል። ይህ እንዳይደርስ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ወይን ጠጁ ከምን ምግብ ጋር እንደሚስማማ፥ ሁለተኛው ሙቀት ምን እንደሚያደርገው ነው።

ፈረንሳዮች ወይን ጠጃቸውን በአብዛኛው የሚጠሩት በበቀለበት አገር ስም ነው። የሑመራና የጎንደር ሰሊጥ በየስማቸው ተለይተው በገበያ እንደሚታወቁ ማለት ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በሕግ በተቋቋመው ሥርዓት መሠረት፥ በጠርሙሱ ላይ የአንድ አውራጃ ስም እንዲጻፍ ወይኑ በዚያ ወሰን ውስጥ የበቀለ፥ ዝርያውና አሠራሩም የተፈቀደ መሆን አለበት። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ የሚችል ነጋዴ ቡሹን ሳይነቅል ስለ ጣዕሙ ብዙ ነገር ይረዳል።

በፈረንሳይ ምዕራብ የሚገኘው ቦርዶ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ ከሚባሉት ወይኖች በሚሠራው ጠንካራ ቀይ ወይን ጠጅ የታወቀ ነው። ይህ ወይን ጠጅ ታኒን የሚባል ምላስን የሚያኰማትር ነገር ስላለበት ከበግና ከበሬ ሥጋ ጋር ይቀርባል፤ ሥጋውና ስቡ ማኰማተሩን ያለዝበዋል። ቡርጎኝ ፒኖ ኗር ከሚባለው ወይን ለስለስ ያለ ቀይ፥ ከሻርዶኔም ነጭ ያወጣል፤ የአገሩ ሰዎች የበሬ ሥጋን በዚያው በአገራቸው ቀይ ወይን ጠጅ አብስለው ይበላሉ። ከዚያ በስተ ደቡብ ያለው የቦዦሌ ቀይ ታኒኑ ጥቂት ስለ ሆነ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣል። የሮን ሸለቆ ደግሞ ከሲራና ከግሬናሽ የሚሠራውን ብርቱ ቀይ ይሰጣል።

በሎዋር ወንዝ አካባቢ ሙስካዴ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅ ከባሕር ምግብ ጋር፥ ሳንሴር ደግሞ በዚያው ከሚሠራው የፍየል ዐይብ ጋር ይጠጣል። በጀርመን ወሰን ያለው አልዛስ መዓዛቸው የሚያውድ ነጭ ወይን ጠጆች አሉት፤ ከእነርሱም ጥቂት ጣፋጭነት ያላቸው ይገኛሉ። በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ያለው ፕሮቫንስ ሙቅ አገር ስለ ሆነ ሮዜ የሚባለውን፥ መልኩ ጽጌረዳ የሚመስለውን ወይን ጠጅ አቀዝቅዞ ከዓሣ ጋር ያቀርባል። ሻምፓኝም የአንድ አውራጃ ስም ነው፤ ስለዚህ ለሠርግ የሚሸጥ አረፋ የሚያወጣ ጠርሙስ ሁሉ ሻምፓኝ አይደለም፤ ዋጋውም እንደ ሻምፓኝ ሊሆን አይገባም።

ወደ አገራችን ገበታ ስንመለስ፥ በመጀመሪያ የሚታሰበው በርበሬ ነው። ታኒንና የበረታ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሱታል። ስለዚህ ውድ የሆነ ቦርዶ ከዶሮ ወጥ ጋር የጠጣ ደንበኛ ወይን ጠጁ መጥፎ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ስሕተቱ ግን በጠርሙሱ ሳይሆን በአቀራረቡ ነው። ለዶሮ ወጥና ለቀይ ወጥ ጥቂት የሚጣፍጠው የአልዛስ ነጭ፥ ሮዜ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ቦዦሌ ይሻላል። በርበሬ ላልበዛበት የፍየልና የበሬ ጥብስ፥ እንዲሁም ለቁርጥ ሥጋ ቦርዶና ሮን ይስማማሉ። ለጣና ዓሣ ሙስካዴና ሳንሴር፥ ለሽሮ፥ ለምስርና ለባሚያ ሮዜ ይመረጣል። ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ አባቶቻችን ጠጅን ከቀይ ወጥ ጋር ሲያቀርቡ ጣፋጩ የበርበሬውን እሳት እንደሚያበርድ ያውቁ ነበር።

የውጭ አገር ጠርሙስ ዋጋው የከበደበት ባለ ሱቅ ይህንኑ ትምህርት በአገር ውስጥ ምርት ሊሠራበት ይችላል። መነሻው ቦርዶ የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል ድርጅት በዝዋይ የፈረንሳይን የወይን ዝርያዎች አስተክሎ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል፤ ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ በዚያ ይበቅላሉ። ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቀው የአዋሽ ፋብሪካ አክሱሚትም ጣፋጭ ቀይ ስለ ሆነ በርበሬ ላለበት ምግብ አይከፋም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ወይን ጠጅ ሲቀመጥ የሚወደው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው። በመተማ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። እንዲህ ያለ ሙቀት ወይን ጠጁን ያሰፋውና ቡሹን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ አየር ይገባል፥ መዓዛው ይጠፋል፥ ጣዕሙም የተቀቀለ ፍሬ ይመስላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ብዙ ዕቃ የሚያስመጣው ሙቀቱ በሚበርድበት ወራት ነው፤ ከጎንደር በአይከል በኩል የሚወርደውንም ጭነት በሌሊት ያስጕዛል። ሣጥኖቹን ከቆርቆሮ ጣራ ሥር አይደረድርም፤ የሣር ክዳን ያለው ወፍራም ግድግዳ ቤት ይሻላል። ቡሽ ያለውን ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድሞ ያኖረዋል። ቀይ ወይን ጠጅ በቤት ሙቀት ይጠጣ የሚለው ምክርም የፈረንሳይን ቀዝቃዛ ቤት ያሰበ እንጂ የቈላን ቤት አይደለም፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር ይረዳል።

የወሰን ከተማ ነጋዴ ስለ ሕግም ማሰብ አለበት። በሱዳን የአልኮል መጠጥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ታግዷል፤ በ2020 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያም የፈቀደው ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ጠርሙስ ወደ ጋላባት ይሻገራል ብሎ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ዕቃውንና ስሙን ለአደጋ ያጋልጣል። የሚገዛውን መጠን በከተማው ሆቴሎችና በሠርግ ድግስ ልክ መወሰን ይገባዋል።

በመጨረሻ ላኪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከቈላው የግራር ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ በአውሮጳ ሕግ በወይን ጠጅ ውስጥ እንዲገባ ከተፈቀዱት ነገሮች አንዱ ነው፤ የአዲስ ቀይ ወይን ጠጅ ቀለም እንዳይዘቅጥ ይጠብቃል፥ ጣዕሙንም ያለሰልሳል። ፈረንሳይም ይህን ሙጫ ገዝተው ከሚያጣሩት አገሮች ዋነኛዋ ናት። ስለዚህ በመተማና በቋራ ሙጫውን ከአፈርና ከቅርፊት ለይቶ፥ በየዓይነቱ ከፍሎ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ ከፈረንሳይ ወይን ጠጅ የሚገኘው ጥቅም ጠርሙሱን በመሸጥ ብቻ እንደማይወሰን ይረዳል።