ቧንቧችንን ያስዋበው ማዕድን፦ ክሮማይት እንዴት ይነባበራል?



ዉዱእ ለማድረግ ቧንቧ ስንከፍት ሁለት ነገር እጃችን ይነካል። አንዱ ከለገዳዲ ግድብ ተጣርቶ ለአዲስ አበባ የሚመጣው ውሃ ነው። ሌላው በቧንቧው ላይ የሚያብረቀርቀው ስስ ልባጥ፣ ክሮሚየም ነው። የማይዝግ ብረት፣ በተለምዶ ስቴንለስ የምንለውም፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ክሮማይት ከሚባል ጥቁርና ከባድ ማዕድን ነው።

ትልቁ የክሮማይት ሀብት በደቡብ አፍሪካ፣ ቡሽቬልድ በሚባል ስፍራ ይገኛል። ከ2 ቢሊዮን ዓመት በፊት ቅልጥ አለት (ማግማ) ወደ ምድር ቅርፊት ገባ፤ ወደ ገጽ ሳይወጣም እዚያው ቀስ ብሎ በረደ። ዛሬ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ንብብር አለት ሆኗል። በመካከሉ 1 ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያላቸው የክሮማይት ንጣፎች ለብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ሳይቋረጡ ይዘረጋሉ።

ይህ እንዴት ሆነ? ሁላችንም የምንመልሰው መልስ አንድ ነው፦ «ከባዱ ሰመጠ።» ልክ በውሃ ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ደለሉ ወደ ታች እንደሚዘቅጠው ማለት ነው። በእርግጥም የክሮማይት እፍጋት ከውሃ 4.5 እጥፍ ይበልጣል፤ የማግማው ግን 2.7 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክሮማይት መስመጡ አያከራክርም።

ችግሩ ግን ሌላ ነው። ማግማው ሲበርድ ክሮማይት ብቻውን አይፈጠርም። ኦሊቪን የሚባለው አረንጓዴ ማዕድን አብሮት፣ ያውም በብዙ እጥፍ በልጦ ይወጣል። ኦሊቪንም ከማግማው ስለሚከብድ ይሰምጣል። መስመጥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የምናገኘው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የኦሊቪን ድንጋይ እንጂ ንጹህ የክሮማይት ንጣፍ አይሆንም ነበር።

በ1977 ኢርቫይን የተባለ የጂኦሎጂ ተመራማሪ በካናዳ ያለውን የመስክ ኦክስ አለት አጥንቶ ሌላ መልስ አቀረበ፦ ቅልቅል። በጥቅምት ብርድ ለሱብሒ ስንወጣ ትንፋሻችን ጉም ይሆናል። ሞቃቱ ትንፋሽም ሆነ ቀዝቃዛው አየር የየራሱን እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ሲቀላቀሉ ግን ድብልቁ መያዝ ያቅተዋል። ማግማም እንዲሁ ነው። ቆይቶ የበረደው ማግማ ላይ አዲስ ትኩስ ማግማ ሲገባበት፣ ድብልቁ ሊያሟሟው ከሚችለው በላይ ክሮሚየም ይይዛል። ያኔ ለጊዜው ኦሊቪን ይቆምና ክሮማይት ብቻ ይወጣል።

እስኪ እናስላው። ማግማው 0.1 በመቶ፣ ክሮማይቱ ደግሞ 45 በመቶ ክሮሚየም ኦክሳይድ ቢኖራቸው፣ ለ1 ቶን ክሮማይት ቢያንስ 450 ቶን ማግማ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ማግማ ደጋግሞ መግባት አለበት። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ የግፊት ለውጥን ወይም የከፊል ጠጣር ማግማን መንሸራተት የሚያስቀድሙ ተመራማሪዎችም አሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚበዛው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ገጽ ላይ ፈስሶ ቶሎ ስለበረደ ለመነባበር ጊዜ አላገኘም። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ግን ከጥልቅ የመጣና በኦሊቪን የተሞላ አለት አለ፤ ክሮማይት በውስጡ ተበትኖ ይገኛል፣ ከላዩ አፈር ደግሞ ፕላቲኒየም ሲወጣ ኖሯል። በጉጂ፣ በአዶላ አካባቢም ክሮማይት አለ፤ የሚገኘው ግን እንደ ቡሽቬልድ በተዘረጋ ንጣፍ ሳይሆን በተቆራረጠ ቋጠሮ መልክ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ንጣፍ ከሆነ ቀጣዩን መገመት ይቻላል፤ ቋጠሮ ከሆነ ግን ጥቂት ሜትር አልፎ የተቆፈረው ጉድጓድ ባዶ ሊወጣ ይችላል። አፈጣጠሩን ሳያውቅ የሚቆፍር ሰው በግምት ይቆፍራል።

ሱረቱ ፋጢር 27ኛው አያ በተራሮች ላይ ስላሉት ነጭ፣ ቀይና ጥቁር መስመሮች ያነሳል፤ ተከታዩ አያም ስለ ዐዋቂዎች ይናገራል። አያው የክሮማይትን ቀመር ነገረን አንልም። እንድናስተውል ግን ይጠራናል። ማስተዋል ደግሞ «ከባዱ ሰመጠ» ብሎ አለመቆም ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን፤ አሚን።