በጓዳ የተረሳው የናስ ምድጃ

በደሴ ከተማ አንዲት እናት አሮጌውን የናስ ምድጃ ለቆራሌው ሊሸጡት ሲሰናዱ ደረስን። ሟች ባለቤታቸው የከባድ መኪና ነጂ ሳሉ፥ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ ሲወርዱ ባደሩበት ሁሉ ሻይ ያፈሉበት ኖሯል። እኛም አቧራውን ጠርገን ብናየው «ፕሪሙስ» የሚል ጽሕፈት አገኘን።

ይህ ምድጃ ስዊድናዊው ፍራንስ ሊንድክቪስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. የፈለሰፈው ነው። ክር የለውም፤ በፓምፕ የተገፋው ላምባ በግለት ተንኖ ያለ ጥላሸት ይነድዳል። በዚሁ አቆጣጠር ከ1911 ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ከታች ተቀርጿል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ጽሕፈቱን በአሸዋ ፈትገህ አታጥፋ፤ ቤንዚንም ጨምረህ አትለኩስ፥ አደጋ ያመጣልና። እናታችንም ፊደሉን ባሳየናቸው ጊዜ ምድጃውን አንሥተው ወደ ጓዳቸው መለሱት።