ሳይተያዩ የሚሠሩ ሰዎች የመተማመን ልማድ፤ የዴቢያን ማኅበር

በደቦ የሚወጣ ገበሬ የባለማሳውን ቤተ ሰብና ጠባይ አስቀድሞ ያውቃል፤ ዛሬ የረዳው ሰው ነገ እንደሚረዳውም አይጠራጠርም። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ትብብር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እነዚህ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በልዩ ልዩ አገር ተበታትነው ይኖራሉ፤ የጻፉትንም ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው ይፈቅዳሉ። ታዲያ ያልተያዩ ሰዎች በምን ይተማመናሉ? ለዚህ ጥያቄ የዴቢያን ማኅበር መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ዴቢያንን በ1993 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የመሠረተው በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ ነው። የማኅበሩ ተግባር በየስፍራው የተጻፉትን ፕሮግራሞች ሰብስቦና እርስ በርስ አስማምቶ፣ የተሟላ የኮምፒዩተር ሥርዓት አድርጎ ያለ ዋጋ ማደል ነው። በ1997 ለተጠቃሚዎቹ ቃል ኪዳን ገባ፤ በ1998ም መተዳደሪያ ደንቡን አጸደቀ።

ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው ሁለት ዐይነት ምስክር ይፈለግበታል። የመጀመሪያው ሥራው ነው፤ ችሎታውና ለማኅበሩ ሕግ ያለው ዕውቀት ይመረመራል። ሁለተኛው መልኩ ነው። እያንዳንዱ አባል ለሥራው እንደ ማኅተም የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ አለው፤ አዲሱም ሰው በልማዱ ከነባር አባል ጋር በአካል ተገናኝቶ የመታወቂያ ወረቀቱን ያሳያል፤ ነባሩም ቁልፉ የእርሱ መሆኑን በፊርማው ይመሰክርለታል። አንትሮፖሎጂስቷ ጋብሪኤላ ኮልማን በ2013 ባሳተመችው «ኮዲንግ ፍሪደም» በተባለ መጽሐፍ ይህን ማኅበር አጥንታለች፤ መግቢያውም የችሎታ ፈተና ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ትምህርት ጭምር መሆኑን አስረድታለች።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ምስክሮች ሊሳቱ ይችላሉ። በ2006 በሜክሲኮ በተደረገው ጉባኤ አንድ አባል ማንም መንግሥት ያልሰጠውን መታወቂያ አቅርቦ ነበር፤ ይህን ሳያስተውሉ የተቀበሉት ሰዎች ስለ ነበሩ ነገሩ ብርቱ ክርክር አስነሣ።

የሥራ ምስክር መሳቱ ደግሞ በ2024 ከማኅበሩ ውጭ ታየ። ኤክስ ዜድ የተባለው ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ዴቢያንን በመሳሰሉ ብዙ ሥርዓቶች ውስጥ ይገኛል፤ የሚጠብቀው ግን ለብዙ ዘመን ያለ ደመወዝ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። በ2021 አንድ ሰው በስም ብቻ ታውቆ መጣ፤ ከሁለት ዓመት በላይም በትጋት ሠራ። ሌሎችም የደከመውን ጠባቂ በወቀሳ ስለ ገፋፉት ሥልጣኑን ለመጤው አካፈለው። መጤውም ስውር መግቢያ አኖረበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ገና ባልጸደቀው የዴቢያን እትም ላይ ሲሠራ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር መግባት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ፤ ምክንያቱንም መርምሮ መጋቢት 29 ቀን አስታወቀ። የጸደቀው እትም ሳይነካ ተረፈ።

ከዚህ እንደሚታየው ለሁሉ የተከፈተ ነገር ሁሉ ሰው የሚመለከተው አይደለም። ፍሮይንድ ምንጩን ለመመርመር የቻለው ክፍት በመሆኑ ነው፤ አደጋው የገባው ግን ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን በመሸከሙ ነው። ስለዚህ ይህን ትብብር የሚያጠና ሰው ማን ጻፈው ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ጠባቂው ሲደክም ማን ይተካዋል ብሎም ሊመረምር ይገባዋል።